ዲኑን በነጠላዬ ጫፍ

ንዴቴ አናቴ ላይ ወጥቶ ፀጉሬ ሊጨስ ምንም አልቀረው። ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩትን የሕግ ታሪክ ከኮሌጁ እንደሰረዙት የሰማሁት ልደታ፣ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ነው። የነገረኝም ሰራዡ ራሱ፣ የድሮ ተማሪዬ የዛሬው ዲን ነው።

«ጋሼ፣ አይቆጡ። ለዛሬ ጠበቃ የጥንት ወግ ምን ያደርግለታል?» አለኝ።

የነጠላዬን ጫፍ በኮቱ ቁልፍ ቀዳዳ አሹልኬ፣ ዝሆን የማይበጥሰው ቋጠሮ ቋጠርኩና «በቁራኛ ይዤሃለሁ፤ ወደ ዳኛ» አልኩት። ልደታ በሙሉ ሥራ ፈትቶ ከበበን፤ የታክሲ ረዳቶች እንኳ መጣራት ትተው ነበር።

የበሩ ጥበቃ መጥቶ «ምን ሆናችሁ ነው አባቶቼ?» ሲል ዲኑ ቀደመኝ። «ድሮ ከሳሽ ተከሳሹን ልብስ ለልብስ ቋጥሮ ነበር ዳኛ ፊት የሚያቀርበው። ፖሊስ አያስፈልግም፤ ቋጠሮውን ፈትቶ መሄድ ነውር ነው» ብሎ ከእኔ ክፍል የተማረውን አንድም ሳያስቀር ዘረዘረለት።

«ሁለቱም እጆችህ ነፃ ናቸው፤ ታዲያ ለምን አልፈታኸውም?» አልኩት።

እጆቹን አየ፤ አልነካውም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይፍቱኝና እንነጋገር፣ ጋሼ» አለኝ።

«ትምህርቱን መልስ።»

«እሱ እኮ በኔ ሥልጣን አይደለም፤ የበላዮቼ ናቸው የሚወስኑት።»

ይሄኔ ባሰብኝ። ሲሰርዝ የነበረው ሥልጣን ሲመልስ ከየት ጠፋ? «እንግዲያው የበላዮችህ ዘንድ» ብዬ እየጎተትኩ ታክሲ ውስጥ አስገባሁት። ተቋጥረን ሄድን።