ሳይቀመስ የተሠራ ወጥ

በሰው አገር፣ ከምኖርበት ሰፈር ከጉዴሌ ወደ ከተማ ስሄድ ሚኒባሱ ውስጥ ሳምቡሳ እየበላሁ ነበር። ከፊቴ አንዲት ወጣትና አንድ ሸምገል ያሉ ሐበሻ በአማርኛ ያወራሉ።

«ጋሼ፣ አለፍኩ! የነዳጅ ካምፑ ቀጠረኝ!»

«መብሩክ፣ እንኳን ደስ አለሽ! ምግብ አብሳይ ሆንሽ ማለት ነው?»

«ያመለከትኩትማ ለሱ ነበር። ዛሬ ጠዋት ለፈተና የበሬ ሥጋ ወጥ ሥሪ አሉኝ።»

«በረቡዕ?»

«እኮ! ሳልቀምስ ሠራሁት። ፈታኙ ቢቀምሰው ጨው የሚባል የለውም።»

«ወይ ጉድ! ታዲያ?»

«ለምን አልቀመስሽም ሲለኝ ጾም ነው አልኩት። ‹ወጥ ቤት ብቻሽን ነበርሽ፤ ማን ያይሽ ነበር?› አለኝ። ‹ማንም ባያየኝስ?› አልኩት።»

«ጎሽ የኔ ልጅ!»

«ተነስቶ ሌላ ቢሮ ወሰደኝ። ‹ጋዝ ያለበት ቦታ አንድ ሰው ተደብቆ ሲጋራ ቢለኩስ ሁላችንም አለቀልን። ሰው ሳያያት ደንብ የምታከብር አገኘሁላችሁ› አላቸው። ሴፍቲ ክፍል ነው የገባሁት፣ ጋሼ! ሥልጠናውም ከነሱ ነው!»

«ስንቱ ዲግሪውን ተሸክሞ ደጅ ሲጠና፣ አንቺ ጨው በሌለው ወጥ ገባሽ!»

እኔ የነከስኩትን የሥጋ ሳምቡሳ ቀስ ብዬ በወረቀቱ መልሼ ጠቀለልኩት።