የተቆለፈው ኩሽና

አዳማ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፤ ከስምንት ወር በፊት ጨጓራውን በቀዶ ሕክምና ያስጠበበው ዘለቀ ከኩሽናው በር ውጭ ቆሟል፣ ሚስቱ ይርገዱ ከውስጥ ቆልፋለች።

ዘለቀ፦ ክፈቺ እንጂ! የድስት ክዳን ሲንኳኳ ሰምቻለሁ።

ይርገዱ፦ አይጥ ናት። ሂድ ተኛ።

ዘለቀ፦ አይጧ ከመቼ ወዲህ ነው ተኛ የምትለኝ?

ይርገዱ፦ ውሃ ልጠጣ ገብቼ ነው። አንተ ደግሞ ምን ታደርጋለህ? ዶክተሩ ከእራት በኋላ ኩሽና ዝር እንዳትል አላለህም?

ዘለቀ፦ ለውሃ በር ይቆለፋል? ዶሮ ወጥ ይሸታል!

ይርገዱ፦ ይሽተታ። ሽታ ኪሎ አይጨምርም።

ዘለቀ፦ አርባ ስድስት ኪሎ የጣለ ሰው እንደ ሌባ ይቆለፍበታል?

ይርገዱ፦ የፋሲካ ማግስት ሌሊት ተረሳህ? ድፎውን በድብቅ ውጠህ፣ እስኪነጋ ደረትህን ይዘህ "ይርገዱ፣ ሞትኩልሽ" ያልከው? ነፍሴ እኮ ነው የወጣችው!

ዘለቀ፦ አልተረሳኝም። ከዚያ ወዲህ ሌሊት አንዲት ጉርሻ አልቀመስኩም።

ይርገዱ፦ ታዲያ ምን ቀሰቀሰህ?

ዘለቀ፦ መች ተኝቼ? ሃያ ሁለት ዓመት ተሳቢ ስነዳ፣ በዚህ ሰዓት ሚሌ ላይ ጥብስ ይጠብቀኝ ነበር። ሆዴን አጠበቡት እንጂ ሰዓቱን አላስረሱትም።

ይርገዱ፦ እና ምን ታደርጋለህ?

ዘለቀ፦ ጋደም ብዬ የጅቡቲን መንገድ ከተሞች እቆጥራለሁ። መተሐራ፣ አዋሽ፣ ገዋኔ... ሎጊያ ሳልደርስ እንቅልፍ ይወስደኛል። ዛሬ አዋሽን ሳላልፍ ክዳኑ ጮኸ።

ይርገዱ፦ እም።

ዘለቀ፦ ይርገዱ... አፍሽ ሞልቷል እንዴ?

ይርገዱ፦ ...ዋጥኩት።

ዘለቀ፦ ከመቼ ጀምሮ ነው?

ይርገዱ፦ ከሆስፒታል ከወጣህ ጀምሮ። አንተ አራት ማንኪያ ሾርባ ይዘህ ስትታገል፣ እኔ ፊትህ እንጀራ ልጠቅልል? ቀን እጾማለሁ፣ ሌሊት እዚህ ቆሜ እጎርሳለሁ። ዘጠኝ ኪሎ ጨምሬአለሁ፤ አንድ ቀሚስ እንኳ አልዘጋ ብሎኛል።

ዘለቀ፦ እኔ የጣልኩትን አንቺ እየተከተልሽ ታነሺዋለሽ?

ይርገዱ፦ አትሳቅ! ለአንተ ብዬ ነው። ሆድ ካገር ይሰፋል ብዬ ችዬው ነበር።

ዘለቀ፦ ያንቺ ይሰፋል፤ የኔን ግን ሐኪም ሰፋው።

ይርገዱ፦ ሂድ ወዲያ!

ዘለቀ፦ የምሬን ነው። እኔ እኮ የጠላሽኝ መስሎኝ ነበር። ማንኪያ ሳነሳ ብድግ ትያለሽ፤ ስልክ አለብኝ፣ ልብስ ላስጣ፣ ጎረቤት ጠራችኝ። ሰውነቴ ቆዳ ብቻ ቀርቶ ስታዪው አስጠላሁሽ ብዬ በልቤ ይዤዋለሁ።

ይርገዱ፦ በስመ አብ! አንተን?

ዘለቀ፦ ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባላል። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ብቸኛ ሆነን እኮ ነው።

ይርገዱ፦ አታሟርት። እና ፊትህ ብበላ፣ ብትጎመጅስ?

ዘለቀ፦ ልጎምጅ! ጉምጀት በበር ቀዳዳም እየመጣብኝ ነው። ሰሃንሽን ይዘሽ ሳሎን ነይ። እኔ ማየት እንጂ መቅመስ አልፈልግም።

ይርገዱ፦ ማልልኝ።

ዘለቀ፦ አልምልም። እጄ ከተዘረጋ ምቺው።

ይርገዱ፦ እሺ። ሂድና የሳሎኑን መብራት አብራልኝ፤ ስምንት ወር ሙሉ በጨለማ ተደብቄ ስጎርስ አንድም ቀን አልጣፈጠኝም።