መርፌው ቀዩን ሲያልፍ

— ሄሎ... ሄሎ፣ ሚጢዬ! ሆስፒታል ደረሳችሁ?... ምን?... አይሰማኝም፣ ቆይ... ወንድሜ፣ ብየዳውን አንዴ አጥፋልኝ! እህቴ ናት!... እሺ፣ አሁን ንገሪኝ። ማን ቆመ?... መኪናዋ? የት?

— ዳገቱ ጫፍ ላይ። እሺ። አባዬስ?... ፊት ወንበር ላይ ነው። ጭሱ ከየት ነው የሚወጣው?... ከኮፈኑ ስር። ነጭ ነው?... ነጭ ከሆነ እንፋሎት ነው፣ እሳት አይደለም፣ አትፍሪ። ሞተሩን አጠፋሽ?... ጎሽ። የሙቀቱ መርፌ የት ነበር?... ቀዩን አልፎ? እዚያ እስኪደርስ አንቺ ምን ታዪ ነበር?... እሺ፣ እሺ፣ አታልቅሺ፣ አልተቆጣሁም።

— አውቃለሁ። የኩላሊት እጥበቱ ዛሬ ካመለጠው... አውቃለሁ አልኩሽ እኮ! ባለፈው አንድ ቀን ቢዘል ያየነውን አይተናል። እሱ በሚሰማበት አታውሪ፣ ከመኪናው ራቅ በይ። አምቡላንስስ ደወልሽ?... ሁሉም ወጥተዋል? "ጠብቂ" አሉሽ? ምኑን ነው የምትጠብቂው?... የሚያልፍ መኪናስ?... አይቆምም። ጭስ ከሚተፋ መኪና አጠገብ ማን ይቆማል። በይ እኛው እንፍታው።

— ኮፈኑን ክፈቺ... እንዴት አይከፈትም? ከመሪው ስር፣ በግራ ጉልበትሽ በኩል ያለችውን እጀታ ሳቢያት... ተከፈተ? ፊትሽን አዙሪ። የራዲያተሩን ክዳን እንዳትነኪ! አባዬ ክፈቺው ቢልሽም እንዳትነኪ። ሾፌር ነበርኩ እያለ በመሃረብ ሲከፍተው ነው ክንዱ የተላጠው።

— ጎንበስ በይና ከስር እዪ። ረጥቧል?... ጠብታ እንኳ የለም? ደረቅ?... ይገርማል። ቁልፉን ግማሽ አዙሪው፣ እንዳታስነሻት ብቻ። ማራገቢያው ይዞራል?... ይዞራል። ቺንጋውስ አለ?... ያ ጥቁሩ የጎማ ቀበቶ፣ ከሞተሩ ፊት ያለው... አለ። እሺ፣ የዘይት መለኪያዋን ዘንግ ምዘዢያት። ዘይቱ ወተት የገባበት ሻይ መስሏል?... ጥቁር ነው። ተመስገን። ውሃ ከዘይት አልተቀላቀለም ማለት ነው።

— ታዲያ ምን ነካት?... አይ ላንቺ አይደለም፣ ለራሴ ነው።... ጌታዬ፣ መኪናዎን አልረሳሁትም፣ ትንሽ ይታገሱኝ፣ አባቴ መንገድ ላይ ቆሞብኝ ነው... ሄሎ፣ አለሁ። ከባትሪው አጠገብ ነጭ ፕላስቲክ ዕቃ ይታይሻል? ውሃ አለው?... ባዶ። ውስጡ ምን?... አቧራ? ሚጢዬ፣ በደንብ እዪው። አቧራ?!

— ከላይ ያለውን ወፍራም ቱቦ በጨርቅ ያዢና ጨመቅ አድርጊው... እንደ ባዶ ከረጢት ይጨማደዳል? አይገፋሽም?... እቴ፣ ይቺ መኪና ውሃ የላትም። ዛሬ አይደለም ያለቀባት። ያ እንፋሎት የመጨረሻ ጠብታዋ ነው፣ የምታፈሰው እንኳ አልቀራትም።

— እንዴት ይሆናል! የውሃ ፓምፗ እንደሚያንጠባጥብ እናውቃለን። አዲስ እስክናገኝላት ጠዋት ጠዋት ይጨመርባት ተባባልን፣ አባዬ "ማንም እጁን እንዳያስገባ፣ የኔ ስራ ነው" አለ። አላለም?... ለእሁድ ስመጣ ማለዳ ጄሪካኑን አንጠልጥሎ ሲወጣ አየዋለሁ፣ አንቺም ታዪው የለ። ኮፈኑን ከፍቶ እዚያ ውስጥ አቀርቅሮ ይቆያል፣ ከዚያ "አሮጊቷን ውሃ አጠጥቼ መጣሁ" እያለ ያሾፍብናል... አዎ፣ ያው። ጄሪካኑ ከኋላ አለ?... እዪዋ!... ባዶ ነው። ትናንት አልሞላሽውም ነበር?... ሞልተሽዋል።

— መሬት አልፈሰሰም። ዘይት ውስጥ አልገባም። ራዲያተሩ አላየውም። አባዬን ጠይቂው... ፊቱን አዞረ? ደግመሽ ጠይቂው፣ ቀስ ብለሽ። ...

— ሄሎ?... ሚጢዬ፣ ትሰሚኛለሽ?... ምን አለሽ?

— እሱ ጠጣው?

— በየቀኑ?... ወይኔ አባቴ። ወይኔ... ምንም አልሆንኩም ወንድሜ፣ ቁጭ ልበል፣ ያንን በርጩማ አቀብለኝ... አለሁ። አለሁ እቴ። ኩላሊቱ ጠብታ አያወጣለትም ብለን ማቀዝቀዣውን ቆለፍንበት። የቧንቧውን እጀታ ነቅለን ደበቅንበት። ሐኪሟ የፈቀደችለትን አንዲት ብርጭቆ እንደ መድኃኒት በማንኪያ ሰጠነው። ጄሪካኑን ግን ሞልተን በገዛ እጃችን አስጨበጥነው። ጭር ባለ ግቢ፣ ኮፈን ስር ተደብቆ... የሰው ልጅ ውሃ ሊጠጣ ይደበቃል?

— አንቺ ምን አጠፋሽ? ተይ እንግዲህ። አሁን ማልቀሻ ጊዜ የለም፣ ወደሱ ሂጂ። ጫማና ካልሲውን አውልቂለት... ቁርጭምጭሚቱን በጣትሽ ጫን አድርጊው... ጎድጉዶ ቀረ? አይመለስም?... ትንፋሹስ?... ስልኩን አስጠጊልኝ፣ ልስማው።

— ...

— እ። ሰማሁት፣ ይንኮረኮራል፣ ውሃው ሳንባው ገብቷል። ወንበሩን ወደ ኋላ እንዳታጋድሚው። ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ መስኮቱን ሁሉ ክፈቺ። ሚጢዬ፣ ስሚኝ። ሌላ ቀን ቢሆን ቀዝቀዝ እስክትል ጠብቂ፣ ውሃ ፈልጊ፣ ቀስ ብለሽ ጨምሪ እልሽ ነበር። አባዬ ግን አይጠብቅም። የሆስፒታሉ ጣሪያ ከዚያ ይታያል?... ከድልድዩ ማዶ። እሺ። ቁልፉን አዙሪና አስነሻት።

— አዎ፣ እንደዚሁ። ያለ ውሃ... ሙቀቱን እንዲስብ ማሞቂያውን ትክፈተው? በምን ውሃ ወንድሜ? ተወኝ እስቲ!... ላንቺ አይደለም። ሞተሯ ይቃጠላል፣ አውቃለሁ። ተጣብቃ እስክትቀር ንጃት። ቁልቁለቱን በዝግታ፣ ሞተሩን ግን እንዳታጠፊው፣ ፍሬኑ ይከብድሻል... ምን? አባዬ አታስነሻት አለሽ?... ስጪኝ። ጆሮው ላይ አድርጊለት።

— አባዬ። እኔ ነኝ... አልተቆጣሁህም። ጠምቶህ ነው፣ አውቃለሁ... እውነትህን ነው፣ አላውቅም። እኔ ጠምቶኝ አያውቅም... አባዬ፣ ስለሷ ተው አሁን። ትቃጠል! አሮጊት ናት፣ ብረት ናት፣ ትቃጠል!... "እኔ አቃጠልኳት" አትበለኝ፣ ስወድህ፣ በእናቴ ሞት። ተንፍስ ብቻ። ቀበቶህን እሰር... ጎሽ የኔ አባት። ለሚጢ መልስላት።

— ተነሳች?... ይሰማኛል። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጊና ጭንሽ ላይ ጣይው፣ መሪውን በሁለት እጅሽ ያዢ። ንጂ። መርፌውን አትዪው፣ መንገዱን እዪ... እሱ የሚንኳኳው? ምንም አይደለም፣ ንጂ... ምንም አይደለም አልኩሽ እኮ! ንጂ!

— ድልድዩን አለፍሽ? አባዬ፣ አለህ? ድምፅህን አሰማኝ... አንድ ነገር በል፣ ስደበኝም ቢሆን... ሚጢዬ፣ ለምን አይመልስልኝም?... ጭንቅላቱን ነቀነቀ? እሺ። ነቀነቀ። እሺ።

— ምንድን ነው እሱ? ምን ጮኸ?... ሄሎ! ሄሎ!... ሞተሯ ጠፋች? የት ላይ?... በሩ ከፊትሽ ነው? ጥበቃው ይታይሻል? ውረጂና ጩኺ! "መኪናውን አንሺ" ይልሻል? መኪናዋን ገደል ይክተታት፣ ሰውዬውን አንሳልኝ በይው! ተሽከርካሪ ወንበር በይ! ጩኺ፣ አትፈሪ!...

— መጡ? ስንት ናቸው?... አወጡት? ይተነፍሳል?... ሚጢዬ፣ ይተነፍሳል ወይ?... እሺ። እሺ። እኔ አሁኑኑ እነሳለሁ፣ ሦስት ሰዓት መንገድ ነው፣ ክንፍ የለኝ። ሐኪሟን ስታገኚ መጀመሪያ የጠጣውን ንገሪያት፣ የጄሪካኑን ልክ፣ በየቀኑ መሆኑን... "አትንገሪብኝ" አለሽ? በዚያ ትንፋሹ?... ንገሪያት። ይቆጣን፣ ኋላ ይቆጣን። ንገሪያት።

— መኪናዋን ተያት አልኩሽ። ቁልፉንም ተይው። ምን ያዝሽ አሁን?... ባንድ እጅሽ ስልክ፣ ባንድ እጅሽ ጫማውን። አባዬን ማን ያዘው ታዲያ?... አትዝጋ አትበይኝ፣ ልቤን አታውልቂው። ከኔ ጋር ስታወሪ ሊያስገቡት ነው። ጫማውን ጣይው። ስልኩን ዝጊና እጁን ያዢው... ዝጊው እህቴ። ዝጊው።