የግራዝማች ጓንጉል ቀንድ

(ረፋድ ላይ፣ በደብሩ ዕቃ ቤት በረንዳ፤ የደብሩ አለቃ ውቤነህ እና ቁም ጸሐፊው መሪጌታ እንግዳሰው አሮጌውን የብራና ወንጌልና አዲሱን ግልባጭ ጎን ለጎን ዘርግተው ይከራከራሉ።)

አለቃ፦ አራት መስመር ናት መሪጌታ። ከግልባጩ ብትፋቅ ምን ይጎድላል?

መሪጌታ፦ ቆጥረዋታል ማለት ነው። ወንጌሉን አንብበው ሲጨርሱ ነው፣ ወይስ መጨረሻውን ብቻ ነው የገለጡት?

አለቃ፦ አያሹፉ። የጌታ ቃል ቢሆን ፊደል አይነካ እል ነበር። ይኼ የጸሐፊ ብሶት ነው። እስቲ ለራስዎ ይስሙት።

መሪጌታ፦ ግዕዙን ልተርጉምልዎ? «ይህን መጽሐፍ ያስጻፈኝ ግራዝማች ጓንጉል ለፋሲካ ሰንጋ ጥሎ አገሩን ሲያበላ፣ ለእኔ ቀንዱን ላከልኝ፤ ቀለም መያዣ ይሁንህ አለኝ። አንባቢ ሆይ፣ ለእኔ ጸልይልኝ፤ ለእሱም ቢተርፍህ።»

አለቃ፦ ግራዝማች የማን ቅድመ አያት እንደሆኑ ያውቃሉ።

መሪጌታ፦ የእርስዎ ናቸዋ። ማን የማያውቅ አለ?

አለቃ፦ እሁድ ጳጳሱ ይመጣሉ። ግልባጩን በእጄ የማበረክትላቸው እኔ ነኝ። እሳቸው ደግሞ መጽሐፍ ሲይዙ ማን እንዳስጻፈው ለማየት መጀመሪያ መጨረሻውን ነው የሚገልጡት። ዘሬን በጳጳስ ፊት ሊያዋርዱት ነው?

መሪጌታ፦ ሥጋውን የከለከልኩት እኔ ነኝ እንዴ? እኔ ቀለም ነው የበጠበጥኩት።

አለቃ፦ ደግሞ እናንተ ጸሐፊዎች ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ ታማኝ የሆናችሁት? ስታንቀላፉ መስመር ትዘላላችሁ፣ አንዱን ቃል ሁለቴ ትጽፋላችሁ። ይኸው፣ ማቴዎስ ላይ ብራናው ተፍቋል። የማን እጅ ነው?

መሪጌታ፦ የእኔ። ከመምሬ ተድላ ጋር ስናመሳክር፣ እሳቸው ከአሮጌው ሲያነቡ እኔ ከአዲሱ ስከተል፣ መስመር መዝለሌን አገኘነው። ፍቄ አስተካከልኩ፤ ኅዳጉ ላይም «እንግዳሰው አንቀላፍቶ የዘለለው» ብዬ ጻፍኩ። መምህሬ ምክንያቱ ያልተጻፈበት ፍቀት አይቀበሉም ነበር።

አለቃ፦ ያላገኛችሁትስ? ስንት ዘመን ሙሉ ያንቀላፋችሁት? ከዚያ ሁሉ መሀል የእኔ አራት መስመር ምን አላት?

መሪጌታ፦ ያላገኘነው አይጠፋም፣ ጸሐፊም ሰው ነው። ግን ተኝቶ የዘለለና ዓይኑን አፍጥጦ የዘለለ አንድ አይደሉም። ይልቅ እዚህ አሮጌው መጨረሻ ላይ ያለውን ስም ያንብቡልኝ።

አለቃ፦ ሀብተ ወልድ።

መሪጌታ፦ ቀንድ የተላከለት እሱ እንዳይመስልዎ። የዚያን የመጀመሪያውን ጸሐፊ መጽሐፍ ምስጥ በልቶት፣ ሀብተ ወልድ ነው ይህን አሮጌውን የገለበጠው። ማን እየቀለበው? የግራዝማች ልጅ። በልጁ ቤት ተቀምጦ፣ የልጁን እንጀራ እየበላ፣ የአባትየውን ንፍገት አንዲት ቃል ሳያስቀር ጻፋት።

አለቃ፦ የሚጽፈውን የማያውቅ ጅል ነበራ።

መሪጌታ፦ ጅልማ ይባረክ። ወንጌሉ የደረሰን በእንዲህ ያለ ጅል እጅ ነው። እንደ እርስዎ ያለ ብልህ ቢገለብጠው ኖሮ እስከ ዛሬ ጴጥሮስም አልካደም ነበር።

አለቃ፦ ስብከት አልጠየቅሁም። ይፋቅ አልኩ፣ ይፋቅ። እምቢ ካሉ ለጳጳሱ የማተሚያ ቤቱን ወንጌል እሰጣለሁ፤ የእርስዎ ግልባጭ እዚህ ዕቃ ቤት አቧራ ይጠጣል።

መሪጌታ፦ ሁለት ዓመት ዓይኔን የጨረስኩበትን?

አለቃ፦ እሱን።

መሪጌታ፦ በዚህስ አገኙኝ። እሺ፣ ምላጩን ያቀብሉኝ።

አለቃ፦ እንዲህ ነው እንጂ። እንኩ።

መሪጌታ፦ ቀለሙንም።

አለቃ፦ ቀለም ለመፋቅ ምን ያደርጋል?

መሪጌታ፦ ለኅዳጉ ነዋ። «በአለቃ ውቤነህ ትእዛዝ የተፋቀ፤ የቅድመ አያታቸው ቀንድ ስላሳፈራቸው።» ከእኔ በኋላ የሚመጣው ጅል አንዲት ፊደል ሳያስቀር ይገለብጥልዎታል።