ከስኳሩ ጋር የመጣው ጓንት

በደርግ ጊዜ ስኳር የፈለገ ሰው የሱፍ ጓንትም አብሮ እንዲገዛ መገደዱ ግፍ ነበርና ይጻፍልኝ። ከሊሙ ገነት ወደ ጅማ በሚሄደው አውቶቡስ ከፊቴ የተቀመጠች እናት አጠገቧ የተቀመጠውን የቀበሌያችንን ሱቅ ሻጭ አፋጥጣ ይዛዋለች።

“ልጄ ወልዳለች፤ አጥሚት የማጣፍጥበት ስኳር ነው የጠየቅኩህ።”

“ያለ ጓንት አይሸጥም፣ እማማ።”

“ሊሙ መቼ በረዶ ጥሎ ያውቃል?”

“ቡናችንን የወሰደው አገር ብርዳም ነው። በልዋጭ ያለውን ላከልን።”

“ወላሂ፣ እነሱ ቡናችንን ይጠጡ፣ እኛ በዚህ ሙቀት ጓንት እናጥልቅ?”

“ስኳሩና ጓንቱ አብረው ነው የመጡት፤ መነጠል ክልክል ነው።”

“እሺ፣ ለአራሷም ለሕፃኑም ጓንት እገዛለሁ። ስኳሩን ነገ ስጠኝ።”

“ስኳሩማ አልቋል፣ እማማ። አሁን የቀረው ግዴታው ነው።”

ትናንት ከስኳሬ ጋር ተገድጄ የገዛሁትን፣ ጭኔ ላይ የነበረውን የጓንት ጥቅል በነጠላዬ ሸፈንኩት።