የድረስ ሞተር ሳይክልና የመሪጌታ ምርቃት

ዝናቡ ባይጥል ኖሮ መሪጌታ አካለ ወልድ ጋራዥ ደጃፍ የሚቆሙ ሰው አልነበሩም። መቋሚያቸውን ይዘው ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤታቸው ሲያዘግሙ የሰኔ ዶፍ ከደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ጀርባ ያዛቸውና መጀመሪያ ያገኙት ቆርቆሮ ሥር ገቡ። ዓይናቸው ጨለማውን ሲለምድ ቀይ የእሽቅድምድም ሞተር ሳይክል አዩ። የልጃቸው የድረስ ናት። የጎን ልባሷ ተገፎ፣ ሆዷ በክሪክ ተደግፎ ቆማለች።

«ወደ ውስጥ ይዝለቁ የኔታ፣ እዚያ ያፈሳል» አለች ሥራነሽ ከሞተር ሳይክሏ ሥር ብቅ ብላ። ሥራነሽ ከቴክኒክ ኮሌጅ ተመርቃ ይህን ጋራዥ ከከፈተች ሦስት ዓመቷ ነው።

«ምን ሆነች? ታመመች?»

«ጤነኛ ናት። ይህን ልገጥምላት ነው።» በዘይት በጠቆረ እጇ አንድ ጥቁር ድብልብል ነገር አቀበለቻቸው። ስንዝር የማይሞላ፣ መሐሉ ለብሎን የተበሳ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው።

መሪጌታ አገላብጠው አዩት። ያላወቁትን ነገር ሳይጠይቁ ማለፍ አይሆንላቸውም፤ ተማሪዎቻቸውም ከዱላቸው ይልቅ የሚፈሩት ጥያቄያቸውን ነው።

«ሥራው ምንድን ነው?»

«ስላይደር ይባላል። በግራና በቀኝ ሻንሲው ላይ ይታሰራል። ሞተር ሳይክሏ ስትወድቅ መሬቱን እሱ ይቀበልና ሞተሩ ይተርፋል።»

«ስትወድቅ?» ዕቃውን መለሱላት። «ትወድቃለች ያለሽ ማን ነው?»

«ማንም አላለኝም። ምናልባት ብትወድቅ…»

«ስሚኝ ልጄ። እኔ ይህን ልጅ በየጠዋቱ ‹እንቅፋት አይንካህ፣ በሰላም ወጥተህ በሰላም ግባ› ብዬ መርቄ እሸኘዋለሁ። ጸበልም ረጭቼባታለሁ። አንቺ መውደቂያ ካዘጋጀሽላት የእኔ ምርቃት ምን ሊሆን ነው? ይህ ሟርት ነው! ሰኞ ደጀን ሥራ ይጀምራል፤ ይህን አስሮ ከመጣ አልመርቀውም።»

ይህ የዋዛ ዛቻ አልነበረም። በዚያ ቤት ሳይመረቅ መንገድ የሚወጣ የለም። ድረስ አንድ ጊዜ አባቱ ከማኅሌት እስኪመለሱ ሲጠብቅ አውቶቡስ አምልጦታል። ካልመረቁት አይሄድም፤ ሰኞ ካልተገኘ ደግሞ የመንገድ ቀያሽነቱ ሥራ ለሌላ ሰው ይሰጣል።

ሥራነሽም ይህን ታውቃለች። «የኔታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ መቋሚያ የያዙት ሊወድቁ ፈልገው ነው?»

«አይመሳሰልም። መቋሚያ ቆሜ እንድዘልቅ ነው። የአንቺው ግን ሥራ የሚጀምረው ከወደቁ በኋላ ነው። ሌላ አምጪ።»

ሥራነሽ ሳቀች። «እውነትዎን ነው፤ ምሳሌዬስ አልሆነም።»

ሽንፈቷን እንዲህ ሳትግደረደር መቀበሏ መሪጌታን ደስ አሰኛቸው። ጎንበስ ብለው የተገፈፈውን ጎን ያዩ ጀመር። ከሞተሩ ክዳን ላይ ጣታቸው ቆመ።

«ይህ ጠባሳ የምንድን ነው?»

«ድረስ አልነገረዎትም?»

«ምኑን?»

ሥራነሽ እጇን በጨርቅ ጠረገች። «ሚያዝያ ላይ ይጁቤ ገበያ ዳር አቁሟት መሬቱ ርሶ ኖሮ የጎን መቆሚያ እግሯ ሰመጠና ወደቀች። ድንጋይ ክዳኑን ሰነጠቀው፤ ዘይቷም ፈሰሰ። በጭነት መኪና አስጭኖ አመጣት፤ እኔም አስበየድኩት።»

«ልጄ ላይዋ ነበር?»

«አልነበረም። ቆማ ነው የወደቀችው።»

«ታዲያ ለምን ደበቀኝ? እቆጣዋለሁ ብሎ ነው?»

«ቁጣዎን አይደለም የፈራው። ‹ከሰማ ምርቃቴ አልደረሰም ብሎ ያዝናል› አለኝ።»

መሪጌታ ጠባሳውን እንደገና በጣታቸው ዳሰሱት። ሚያዝያ ላይ ልጃቸው ሁለት ሳምንት በእግሩ ሲመላለስ ትዝ አላቸው። «እግር ማፍታታት ጤና ነው» ብሏቸው ነበር፤ እሳቸውም አመስግነውታል። የክፉ ነገር ስም በቤታቸው እንዳይነሣ ሲከለክሉ ኖረዋል። ክፉው ግን ይጁቤ ላይ ሳይጠሩት መጥቶ ሄዷል፤ ክልከላው ያስቀረው የልጃቸውን ወሬ ብቻ ነው።

«በይ ግጠሚውና ልየው» አሉ በመጨረሻ፣ በርጩማ ስበው እየተቀመጡ።

ሥራነሽ በቀኝ በኩል አንዱን ብሎን ብቻ ፈታች።

«የቀኝና የግራውን ለምን ባንድ ጊዜ አትፈቺም?»

«ሞተሩ የተንጠለጠለው በእነሱ ነው። ባንድነት ከፈታሁ ይወርዳል፤ ክሪኩንም ያስቀመጥኩት ለዚሁ ነው።» በአጭሩ ብሎን ፋንታ ረጅሙን ከነስላይደሩ አስገብታ የማጥበቂያውን ልክ በሚናገረው ቁልፍ አጠበቀች። ቁልፉ «ጠቅ» አለ።

«ምን አለ?»

«በቃሽ አለኝ። ካለፍኩ ብሎኑ ይበጠሳል።»

«ለምን ብረት አላደረጉትም? ከፕላስቲክ ብረት አይጠነክርም?»

«ብረት አስፋልቱን ነክሶ ይይዛል፤ ያኔ ሞተር ሳይክሏ ትገለበጣለች። ይህ ግን እየተፋቀ ይንሸራተታል።»

«እሱ እያለቀ ሌላውን ያተርፋል በይኛ!»

ግራውም ከታሰረ በኋላ ሞተር ሳይክሏን ቀስ አድርገው በተነጠፈ ማዳበሪያ ላይ አጋደሟት። መሪጌታ መዳፋቸውን በሞተሩ ክዳንና በመሬቱ መካከል ሰደዱ። አራት ጣታቸው ሳይነካ ገባ።

«የልጁን እግርስ ያድናል?»

«አልዋሽዎትም፣ ይህ ለእሷ ነው። ለእሱ ሄልሜት፣ ጓንትና ጠንካራ ጫማ ነው፤ ከሁሉም በላይ ቀስ ብሎ መንዳት።»

ይህን ጊዜ ድረስ በዝናብ ርሶ ገባ። አባቱን ከሞተር ሳይክሉ አጠገብ ተንበርክከው ሲያይ ደርቆ ቀረ።

«ና ቁም። ለምንድን ነው ይህ ፕላስቲክ የሆነው?»

ድረስ ወደ ሥራነሽ ተመለከተ።

«እሷን አትይ!»

«እንዳይከብድ ነው አባዬ?»

«አይደለም! ሳታውቅ ነው የምታስገጥመው?» መሪጌታ ተነሥተው ጉልበታቸውን አራገፉ። «ብረት ይነክሳል፣ ይህ ይንሸራተታል። ሞተሩ ካልተሰነጠቀ ዘይት ጎማህ ሥር አይፈስም። ሻንሲው ካልጣመመ ያው ሞተር ሳይክል ነገም ያገለግልሃል። በረሃ ላይ ቆመህ መኪና አትለምንም። ገባህ?»

«ገባኝ። ታዲያ… ሰኞ ትመርቀኛለህ?»

«እመርቅሃለሁ። እንቅፋት አይንካህ እላለሁ፤ አንተም ሄልሜትህን ታስራለህ። እኔ የድርሻዬን፣ አንተም የድርሻህን። አሁን ጥያቄዬን መልስ። ብትወድቅ ምን ታደርጋለህ?»

ያቺ ቃል ካባቱ አፍ ስትወጣ ድረስ ሰምቶ አያውቅም። «አነሣታለሁ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ከዚያስ?»

«ሥራነሽ ዘንድ አምጥቼ ብሎኑ እንዳልጣመመ አሳያለሁ። የተፋቀውን አስቀይራለሁ።»

«ከዚያ በፊት?»

ድረስ ጎንበስ ብሎ የታሰረውን ፕላስቲክ እንደገና አየ።

«ለእኔ ትነግረኛለህ» አሉ መሪጌታ። በርጩማውን ወደ ልጃቸው ገፉለት። «በል፣ ከይጁቤው ጀምር።»

ድረስ ተቀመጠ። ዓይኑን መሬት ላይ እንደተከለ፣ «የሐሙስ ዕለት ነበር አባዬ» ብሎ ጀመረ።