በማስተንፈሻው ላይ የበቀለው ሽንኩርት

(በቆቦ ሜዳ፣ ከቀትር በኋላ፤ ጡረተኛው የጂኦግራፊ መምህር አያ ምትኩ፣ የተራራውን ጎርፍ ለገበሬው የማከፋፈሉን የውሃ አባትነት ሥራ ባስረከቡት በእህታቸው ልጅ በሙላው ማሳ ዳር ዶማ ይዘው ቆመዋል።)

አያ ምትኩ፦ ከእኔ በፊት ይመር ወሌ የውሃ አባት ነበር። ከእሱ በፊት እንድሪስ ጓንጉል፤ ከእንድሪስም በፊት የእናትህና የእኔ አባት ሐሰን ጌጤ። ጎርፉ ሲበዛ በሚወጣበት በዚህ ማስተንፈሻ ላይ አንዳቸውም አንዲት ፍሬ ዘር አልጣሉም። ይህን ሽንኩርት ማን ተከለው?

ሙላው፦ እኔ ነኝ፤ እያወቁት። ለመነቀል የቀረው አንድ ሳምንት ነው። ዶማውን ያስቀምጡት አያ፣ ወገብዎን ያምዎታል።

አያ ምትኩ፦ ስለ ወገቤ አልጠየቅሁህም። ማስተንፈሻውን የዘጋህበትን ክትር ስበረው።

ሙላው፦ ሽንኩርቱ ሙልጭ ብሎ ይሄዳላ!

አያ ምትኩ፦ ይሂድ። የጎርፉ መንገድ ይህ ነው፤ በመንገዱ ላይ የተኛኸው አንተ ነህ።

ሙላው፦ ድሮና ዘንድሮ አንድ ነው እንዴ? የድሮው ጎርፍ በየጊዜው በልኩ ይመጣ ነበር። የዛሬው ጠፍቶ ይከርምና… ያገኘሁትን ውሃ ባላቁር እብድ ነኝ።

አያ ምትኩ፦ ዐረፍተ ነገሩን ጨርሰው። ጠፍቶ ይከርምና?

ሙላው፦ …ባንድ ጊዜ ይወርዳል።

አያ ምትኩ፦ ምክንያቱስ? አስተምሬህ ነበር፤ በመስኮት በኩል ፍየል ትቆጥር ካልነበርክ።

ሙላው፦ አየሩ ሲሞቅ ከባሕር የሚሸከመው እርጥበት ይበዛል። በሰማይ ላይ እንደ ረጅም ወንዝ ይጓዝና ተራራ ሲያገኝ ይዘረግፈዋል።

አያ ምትኩ፦ ከኋላዬ ያለውን ተራራ አንተ ታየዋለህ። ምን ይመስላል?

ሙላው፦ ጠቁሯል። ቢሆንም ክትሩን ድንጋይ ደርድሬበታለሁ፤ ይችላል።

አያ ምትኩ፦ የሰማዩ ወንዝ ወፈረ ብለህ የምድሩን በር ዘጋህ? ትምህርቱን የያዝከው ለፈተና ብቻ ኖሯል! በዚህ የተከለከለ ጎርፍ ወዴት ይዞራል?

ሙላው፦ …ወደ ታችኛው ሰፈር።

አያ ምትኩ፦ ወደ እነ ዘሚ ደጃፍ። ልጆቿን ይዛ ወደምትኖርበት።

ሙላው፦ ብቻዬን አልዘጋሁትም። ከገበሬዎቹ ጋር ዋርካው ሥር ተሰብስበን ተስማምተናል።

አያ ምትኩ፦ እኔ ዐይኔን ልታከም ደሴ በሄድኩበት ሰሞን። ዐይኔ እስኪድን መታገሥ ከበደህ።

ሙላው፦ እንደሱ አይደለም፣ አያ…

አያ ምትኩ፦ «ስለ እሱ እኔ አለሁ» ብዬ በሰው ፊት የቆምኩት ለማን ነበር? ባሳደግሁት ውሻ ተነከስኩ፣ ባነደድሁት እሳት ተለበለብኩ።

ሙላው፦ ውሻ አሉኝ?

አያ ምትኩ፦ የአባቶችን ተረት ጠቀስኩ። በልክህ ተሰፍቶ ከተገኘ ሰፊው እኔ አይደለሁም።

ሙላው፦ የከዳን ሰማዩ እንጂ እኔ አይደለሁም!

አያ ምትኩ፦ ሰማይ ቃል አልገባልንም። አንተ ግን ገብተሃል። ለውሃ አባት ማሳ የሚሰጠው ከማስተንፈሻው ጫፍ ላይ ነው። ለምን?

ሙላው፦ ጎርፍ ሲበዛ መጀመሪያ የሚጎዳው እሱ እንዲሆን። ለራሱ እንዳያዳላ።

አያ ምትኩ፦ ውሃ ሲያንስስ? ተራው መቼ ነው?

ሙላው፦ …መጨረሻ።

አያ ምትኩ፦ ታዲያ ባለፈው የመጣችው ያቺ ትንሽ ጎርፍ የት ገባች? የዘሚ ማሽላ በቁሙ ደርቋል። የአንተ ሽንኩርት ግን እንዴት ያለ ቅጠል አውጥቷል፤ ዐይኔ ድኖ ይህን አየሁ!

ሙላው፦ ቆይ አያ፣ ስልክ ነው። አቤት ወዳጆ! …ምን? ድልድዩን? …ከብቶቹስ? …እሺ፣ እሺ።

አያ ምትኩ፦ ማን ነው?

ሙላው፦ የላይኛው ሰፈር ወዳጆ ነው። ጎርፉ በድልድዩ ላይ ዘሎ አልፏል። እንዲህ ያለ በዕድሜው አላየም።

አያ ምትኩ፦ መልካም። ድንጋይህ ይችላል ብለሃል፤ እኔም ተቀምጬ ልየው።

ሙላው፦ ኧረ አይቀመጡ!

አያ ምትኩ፦ ለወገቤ አዝነህለት አልነበር?

ሙላው፦ አያ፣ በሞቴ! ዶማውን ይስጡኝ!

አያ ምትኩ፦ ለምኑ? ክትር ለመስበር ጉልበት ይበቃል። የውሃ አባት ለመሆን ግን አፍም ያስፈልጋል። ጥፋትህን ከአፍህ ሳልሰማ አልሰጥህም።

ሙላው፦ ተሳስቻለሁ። ውሃው ሲያንስ ለራሴ አስቀረሁት፤ ሲበዛ ደግሞ በዘሚ ላይ ልልክባት ነበር። አሁን ይስጡኝና እርስዎ ወደ ታችኛው ሰፈር ይጣሩ፤ እኔ ክትሩን ከሽንኩርቱ በኩል መስበር እጀምራለሁ።